ያልታጠበው ስብራት

ዕድሜዬን ሙሉ የተሰበረ ብረት እያየሁ እንጀራ በላሁ። ጡረታ ወጥቼ ወደ አገሬ ወደ ወረታ በተመለስኩ ሰሞን፣ ሥራዬ ምን እንደነበር ለጠየቀኝ ሁሉ «ስብራት ነበር የማየው» ብዬ ስመልስ፣ ስንቱ ወለምታውን ይዞ ደጄ ላይ ተኮለኮለ መሰላችሁ! ወጌሻ መስዬያቸው ነው። «ኧረ እኔ የማየው የብረት ስብራት ነው» ስል ደግሞ ጎረቤቴ የሽወርቅ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «ውይ እትዬ አስካለ! የተሰበረ ብረት ለማየት ነው እንዴ ይህን ያህል ዘመን ከአገር የጠፉት?» አለችኝ።

ልክ ናት፤ እሱን ለማየት ነው። መሽኮርመምም አላውቅበትም፤ ጎበዝ ነበርኩ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ለአስቤዛ ይበቃ ነበር፣ ለማማረርም ይበቃ ነበር። ሥራውን ግን ወደድኩት፤ ዛሬም እወደዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ተጭኖት የተሰበረ ብረት፣ የተሰበረበት ፊቱ ዳር እስከ ዳር ሸካራ ነው፤ አሞሌ ጨው ሲፈረከስ እንደሚታየው። በድካም የተሰበረው ሌላ ነው። እሱ ላይ ከአንድ ጥግ ትንሽ ስንጥቅ ትነሳለች። ብረቱ በዞረና በተርገበገበ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ትገፋለች። ባለቤቱ ደህና ነው ብሎ ይሠራበታል፤ ስንጥቋም ሥራዋን ትሠራለች። የቀረው ጤነኛ ብረት ሸክሙን መያዝ ሲያቅተው ያን ዕለት ቀጭ ይላል፤ ያን ዕለት አጠገቡ የቆመው ሰውም ጥፋተኛ ይባላል። በሙቀት የሚያልቅም አለ፤ እሳትና ግፊት ሲፈራረቁበት የኖረ የቦይለር ቱቦ ቀስ እያለ ይለጠጥና ውስጡ ይቦረቦራል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም አይመስል። እነዚህን ለይቶ መናገር ነበር ሥራዬ።

ያስተማሩኝ ጋሽ ይርጋ ናቸው፤ አዲስ አበባ በተቀጠርኩበት የብረት መመርመሪያ ክፍል ኃላፊ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ነገር የማይቸኩሉ ሰው። ሰው የተሰበረ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ከዕቃው ቀድሞ ወሬው ይገባል፤ «ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር»፣ «ጫኙ ነው ያበላሸው» እያለ። ጋሽ ይርጋ እጃቸውን ከፍ ያደርጉና «ወሬውን በኋላ። መጀመሪያ ብረቱን ልየው» ይላሉ። እንግዳውን በትሕትና ውጭ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ሻይ አስመጥተውለት በሩን ይዘጋሉ። «ወሬውን አስቀድመሽ ከሰማሽ፣ ዓይንሽ ሄዶ ሄዶ የሚያገኘው ወሬውን ነው» ይሉኝ ነበር።

አምፖሉን ያጠፉና መስኮቱ ጋ ቆመው ስብራቱን ወዲህ ወዲያ ያዘነብሉታል። ብርሃን ከጎን ገብቶ ሲልሰው ነው ሸካራው ከለስላሳው የሚለየው። መጀመሪያ በባዶ ዓይን፣ ቀጥሎ በማጉያ መነጽር፣ ማይክሮስኮፑ መጨረሻ ላይ ነበር። በጣት መንካት ክልክል ነው፤ ላብ ያዝገዋል። አንድ ቀን ረስቼ ስነካ እጄን ቸብ አደረጉኝ። ጉድ ፈላ! «ጋሼ፣ እኔ እኮ የተማርኩ ሰው ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «እሱማ አየሁት» አሉና ወደ መስኮታቸው ዞሩ። ሁለቱን ስባሪ መልሶ ማጋጠም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ኃጢአት ነበር። ሰው ሁሉ ግን የሚያደርገው እሱን ነው፤ የተሰበረ ነገር ሲያገኝ ይገጥም እንደሆነ መሞከር ያምረዋል። ሲያጋጥመው ፊቱ እርስ በርሱ ይፋተግና በላዩ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ከእሳቸው ሥር ወጥቼ መጀመሪያ ለብቻዬ የተላክሁት ወደ አንድ ስኳር ፋብሪካ ነው። የዚያ ቤት አለቃ ድምፁ ከቦይለሩ ይበልጣል። አገዳው ተቆርጦ ተከምሯል፤ ሰውየው ፋብሪካው ለአፍታ እንዲቆምበት አይፈልግም። «ቱቦው ቀዳዳ አለው? የለውም! ታዲያ ምን ሁን ነው የምትይኝ?» እያለ ይጮህብኛል። እኔም አልተኛሁለትም። ከዚያው ቦይለር ቀድሞ ከወጣ ቱቦ ላይ ቁራጭ አስቆርጬ፣ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ሞርጄ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግሁት። ትናንሽ ጉድጓዶች እየተያያዙ ተሰልፈዋል። «ይምጡና ይዩ» አልኩት። እያጉረመረመ ተቀመጠ። አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠራረገና ደግሞ አየ። «ስንት ቀን ይቆይልናል?» አለኝ፤ ድምፁ ወርዷል። «ጠንቋይ አይደለሁም። ዛሬ ማታም ሊፈነዳ ይችላል» አልኩት። ቦይለሩን አስቆመው። የቀሩትን ቱቦዎች ሲያወጡ አንዱ ገና መዶሻ ሲነካው ለሁለት ተተረተረ። እሱ ሥር ሰዎች ነበሩ የሚሠሩት! ከዚያ ወዲያ ያ አለቃ ስገባ ብድግ ይልልኝ ነበር፤ እኔም ተቀመጥ አልለውም።

እንዲህ እያልኩ ሳሸንፍ ብኖር ደስ ባለኝ። ባሕር ዳር ተዛውሬ ሳለሁ ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ነገር ገጠመኝ። ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሰው ሞተ። ሹፌሩ «መሪው ከእጄ ላይ ከዳኝ፤ ዘንጉ ተሰብሮ ነው» ይላል። ከሳሽ ደግሞ «ዘንጉ የተሰበረው መኪናው ሲገለበጥ ነው» ይላል። ፍርድ ቤቱ ስባሪውን እንድመረምር አዘዘ። ስባሪው የነበረው በባለመኪናው ቤት ነው። ቤተሰቡ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ለመንግሥት ቢሮ ቆሻሻ ነገር ማቅረብ ነውር መሰላቸው። በአመድ ፈትገው፣ በሎሚ አሽተው፣ በነጭ ነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። ስከፍተው እንደ ሠርግ ሳህን ያበራል!

«ምነው? ምነው አጠባችሁት?» አልኩ።

«እንዴ፣ ለእርስዎ ጭቃ ይዘን እንምጣ?» አሉኝ ደንግጠው።

ሌላኛው ስባሪ የት አለ ብል፣ ለቁራሌው ተሽጧል። በማጉያ አየሁ፣ በማይክሮስኮፕ አየሁ፣ አዘነበልኩት፤ አመዱና ሎሚው ያልበላው አንድ ጥፍር የሚያህል ቦታ አጣሁ። «መለየት አልተቻለም» ብዬ ጻፍኩ። በሹፌሩ ላይ ተፈረደበት። እናቱ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ «እርስዎ እንኳ አላዩለትም?» ያለችኝ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ለጋሽ ይርጋ ስልክ ደውዬ አለቀስኩ። «ያላየሽውን አለመጻፍሽ ነው ሥራሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን አላጽናናኝም። ሰውየው እውነቱን ይናገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጡረታ ወጣሁ። ወረታ ገባሁ። ያኔ ጥዬው ስሄድ ከብትና ጤፍ የነበረ አገር አሁን ሩዝ በሩዝ ሆኗል፤ የሩዝ መፈልፈያው ወፍጮ ከጎንደሩ መንገድ እስከ ደብረ ታቦሩ መገንጠያ ድረስ ሲያንጓጓ ይውላል። የየሽወርቅ ባል ፈንቴ ከነዚህ አንዱን የሚያሠራ ሰው ነው፤ የወፍጮው ባለቤት አያ ዘውዴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ፈንቴ መሬት የለውም። ያለው ያ ሥራና ስሙ ነው።

ጉልበቴን ስለሚያመኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ ነበር። ገና ከውኃው ስወጣ ስልኬ ጮኸ፤ የሽወርቅ ናት፤ እያለቀሰች ትናገራለች። ወፍጮው እየሠራ ሳለ ሻፍቱ፣ ማለት ወፍጮውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ለሁለት ተሰብሮ፣ ጫፉ ላይ ያለው ቀበቶ የሚዞርበት ፑሊ ከነስባሪው ተወርውሮ ታረቀኝ የሚባል ገበሬ እግሩን ሰብሮታል። ሩዙን ሊያስፈለፍል ወረፋ ይዞ የቆመ ሰው ነው። አያ ዘውዴ «ፈንቴ እርጥብ ሩዝ በላይ በላዩ ጠቅጥቆበት ነው ሻፍቱ የተሰበረ» ብለዋል። የታረቀኝ ወንድሞች ደግሞ የሚያስፈሩ ናቸው።

«ሽማግሌ የሚቀመጠው ነገ ነው» አለችኝ። «የፈንቴ ዘመዶች ‘ጥፋቱ ያንተ ሆነም አልሆነም ደንጊያ ተሸክመህ ግባ፤ ሰዎቹ ይብረዱ’ ብለውታል። እሱም እሺ ብሏል።»

በኛ አገር በደለኛ ደንጊያ በአንገቱ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምን። ያን ደንጊያ ከተሸከመ በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው። ከእንግዲህ ማን ወፍጮ ያስነካዋል? ልጆቹን ይዞ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ማጨድ ነው የሚቀረው።

«ስባሪውን ማን ያዘው?» አልኳት።

«ፑሊው ላይ የቀረው እኛ ዘንድ ነው። አይቆጡ እትዬ፣ ለሽማግሌዎቹ ሲቀርብ እንዳያሳፍረን አሁን በአመድ እየፈተግሁት ነው።»

ወይኔ! የጮህኩት ጩኸት ፍል ውኃው ዳር ያለውን በሽተኛ ሁሉ አስነሳው። «ተይ! ተይ ብያለሁ! እጅሽን አንሺ!»

«ኧረ ጨርሻለሁ፤ እንዴት አምሮበታል መሰለዎ!»

እዚያው ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። የአንበሳሜው ሹፌር እናት ፊቴ ላይ መጣችብኝ። ቆይቼ ግን ነቃሁ። ስብራት ሁለት ፊት ነው ያለው! «የሽወርቅ፣ ግማሹስ? ወፍጮው ላይ የቀረው?» ብላት፣ «እሱን አያ ዘውዴ ዛሬ አስመትተው ያወጡታል፤ ለአዲሱ ሻፍት ልክ እንዲሆን ቶርኖ ቤት ሊወስዱት ነው» አለችኝ። ጉልበቴ ሕመሙ የት እንደገባ እንጃ። እርጥብ ልብሴን እንደ ለበስኩ መኪና ላይ ወጣሁ። ወረታ መናኸሪያ ስወርድ ባጃጁን «ንዳው ልጄ፣ እርግማኔን ሳታተርፍ!» እያልኩ ከወፍጮው በር ደረስኩ።

አያ ዘውዴ መዶሻ አንሥተዋል።

«አያ ዘውዴ! በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እጅዎን ይመልሱ!»

«ምን ነካሽ አንች አስካለ? አሞሻል?»

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ቄስ አለማየሁ እንዲጠሩልኝ አደረግሁ። ብቻዬን አውጥቼው ቢሆን «የጎረቤቷን ባል ልታድን ቀይራው ነው» መባሌ አይቀርም። እሳቸው ቆመው እያዩ፣ አያ ዘውዴ በገዛ እጃቸው ኩሽኔታውን ፈቱት። ሻፍቱ የሚሾርበት ማቀፊያ ነው፤ ግሪስ ጠጥቶ የሩዝ እብቅ ለብሷል። ስባሪው ከነግሪሱ ወጣ። እንዲህ ያለ ቆንጆ ቆሻሻ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም! ያ ግሪስ ከዝገትም ከአመድም ጠብቆልኛል። ማንም ሳይነካው በቤንዚንና በለስላሳ ብሩሽ አጠብኩት፤ ሳልፈትገው፣ ገላ እንደማጠብ።

ደጅ የተሰበሰበው ሰው ያወራል። የሽወርቅም ደርሳ «እትዬ፣ እሱ እኮ እርጥብ ሩዝ አያስገባም፤ እሱ እኮ…» ስትል አፏን አስያዝኳት።

«ስሚ፤ ብረቱ ባልሽ ነው ካለ እኔም ባልሽ ነው እላለሁ። ይህን እወቂ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። በሩን ገርበብ አድርጌ ብርሃኑን ከጎን አስገባሁና ስባሪውን አዘነበልኩ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ! ከሻፍቱ ጠርዝ ላይ ከአንዲት ነጥብ የተነሡ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች፣ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተደርድረው፣ ፊቱን ሁሉ ለማለት ይቻላል አልብሰውታል። እዚያ ለስላሳ ነው፤ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በወዲያኛው ጥግ ብቻ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሸካራ፣ ነጣ ያለች ቦታ ቀርታለች። ያን ዕለት የተሰበረው ያ ብቻ ነው። መነሻዋ ነጥብ ደግሞ ከብየዳ ጠርዝ ላይ ናት። በማጉያ አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። ተቃራኒ የሚናገር ነገር ካለ ብዬ ፈለግሁ፤ ጋሽ ይርጋ ሁልጊዜ እንዲህ ፈልጊ ይሉኝ ነበር። የለም። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ ለቄስ አለማየሁ ሰጠኋቸው። «እስከ ነገ እርስዎ ዘንድ ይደር አባ። አይታጠብ፣ አይነካ» አልኩ። እሳቸውም እንደ ጽላት ታቅፈውት ሄዱ።

በማግሥቱ በታረቀኝ ግቢ ሽማግሌ ተቀመጠ። ታረቀኝ እግሩ በጀሶ ታስሮ መደብ ላይ ተደግፏል፤ ወንድሞቹ ከኋላው ቆመዋል። ፈንቴ ደንጊያውን በአንገቱ ተሸክሞ አጎንብሶ ገባ። የሠራተኛ ትከሻ ነው ያለው፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም። እኔ ማንም ሳይፈቅድልኝ ተነሣሁ።

«ከማስታረቃችሁ በፊት ብረቱን እዩት» አልኩ።

ከወንድሞቹ አንዱ «ሴትየዋ ጎረቤቱ ናት፤ ምን ትላለች ሌላ!» አለ።

«አዎ ጎረቤቱ ነኝ፤ ስለዚህ እኔን አትመኑ፤ ራሳችሁ እዩት» ብዬ ጨርቁን ገለጥሁና ስባሪውንና ማጉያውን ለታረቀኝ ሰጠሁት። እንዴት እንደሚያዘነብለው አሳየሁት። ከማንም በላይ እሱ ነበር የተጎዳው።

ወዲህ ወዲያ እያዘነበለ አየው። ከዚያ «እንዴ!» አለ። «ይህማ የጉማራ ወንዝ ውኃ ነው! ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ከማሳዬ ሲሸሽ፣ የቆመበትን የቆመበትን በጭቃው ላይ አስምሮ ነው የሚሄድ።»

«ባንድ ቀን ይሸሻል?» አልኩት።

«ኧረ ምን ባንድ ቀን! ስንት ሰንብቶ።»

«እንግዲያውስ ይህም ሰንብቷል። ፈንቴ እርጥብ ሩዝ ጠቅጥቆበት ቢሆን ኖሮ ፊቱ ሁሉ ይህችን ጥግ ይመስል ነበር፤ ሸካራ። የቀረው ጤነኛ ብረት ግን ይህችው ጥፍር የምታህለው ናት። ይህች ደግሞ ለቀላል ሥራም አትበቃም። በማንም እጅ ይሰበር ነበር። እኔ እንኳ ቆሜበት ቢሆን ይሰበር ነበር።» መነሻዋን በስንደዶ ጫፍ አሳየኋቸው። «የተነሣው ከዚህ ነው፤ ከብየዳው። እሳት የነካው ብረት ጠርዙ ይደርቃል፤ እዚያ ላይ ትሰነጠቃለች፤ ሻፍቱ በዞረ ቁጥር ስንጥቋ ትገፋለች። አያ ዘውዴ፣ ሻፍቱ ተበይዶ ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሽማግሌው አልዋሹም፤ ስለዚህ ዛሬም አከብራቸዋለሁ።

«ተበይዷል። ኩሽኔታው ጋ ተበልቶ ሲላላ በብየዳ አስሞልቼ በቶርኖ አስቀረጽሁት። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ክፉ አስቤ አይደለም። ይህን ያመጣል ብሎ የነገረኝም የለ።» ወደ ፈንቴ ዞሩ። «በዚህ ልጅ ላይ ግን ሳላውቅ መሰከርሁ።»

ይሄ ሁሉ ሲሆን ፈንቴ ደንጊያውን እንደተሸከመ ነው። አውርድ ያለው የለም፤ እሱም አላወረደም። አያ ዘውዴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ እሱ ሄዱ። ደንጊያውን ከአንገቱ ላይ አነሡና በገዛ አንገታቸው ላይ አደረጉት። ሽማግሌ ናቸውና ተንገዳገዱ፤ ፈንቴ ክንዳቸውን ያዘ። ሁለቱ እንዲያ ሆነው ታረቀኝ ፊት ቀረቡ። ወንድሞቹም አንገታቸውን ደፉ።

ታረቀኝ አላስቆያቸውም። «አውርዱ አያ ዘውዴ፤ ይቅር ብያለሁ። ሕመሙ ይብቃኝ፤ እርስዎን ደግሞ ወገብዎን ሰብሬ ልጠየቅ!» አለ። ቄስ አለማየሁ መስቀላቸውን አወጡ።

ሁሉም ሲሳለም፣ ታረቀኝ ፈንቴን በእጁ ጠቀሰው። ፈንቴ ምን ሊለኝ ነው ብሎ እየፈራ ቀረበ።

«ያ ሩዜ አሁንም ወፍጮ ቤት ነው አይደል?» አለው።

«እዚያው ነው፤ ማንም አልነካው።»

«አዲሱ ሻፍት እስኪመጣ ይቆይልኝ። ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ። እኔ የማምነው ያንተን እጅ ነው፤ ያንተው እጅ ይፈልፍለው።»

ይህን ሲል ወንድሞቹም ሽማግሌዎቹም ሰምተዋል። ፈንቴ ቀና ብሎ ቆመ። ከሴቶቹ መካከል የሽወርቅ ተነሥታ እልል አለች፤ እኔም ትናንት የዋጥኩትን እልልታ ለቀቅሁት።